ጥቂት ሚሊሜትር ሙጫ

ከአሶሳ ተነሥቶ ወደ ጉባ የሚወርድ እንግዳ ዓይኑ የሚያርፈው ኮንክሪቱ ላይ ነው፤ 145 ሜትር ሽቅብ የቆመ፣ 1.8 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ጎን የተዘረጋ። ቢደነቅ አይፈረድበትም። እኔ ግን የሕዳሴ ግድብ ጥበብ ሲነሣ ልቤ የሚሄደው ወደ ሌላ ቦታ ነው፤ በጄኔሬተሮቹ ሆድ ውስጥ መዳቡን ወደ ለበሰው፣ ውፍረቱ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ወደ ሆነው የሙጫና የሚካ ሽፋን። የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያው ተርባይን ኃይል ሲሰጥ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ግድቡ በ13 ተርባይኖችና በ5,150 ሜጋ ዋት ዐቅም ሲመረቅ፣ ኤሌክትሪኩ ወደ ብረቱ ሳያፈተልክ በመዳቡ ብቻ እንዲሄድ የሚጠብቀው ሽፋን ነበር። በጉብኝት ላይ የሚያየው ሰው የለም።

በእንዲህ ያሉ ትልልቅ ጄኔሬተሮች ስታተር፣ ማለትም በማይዞረው ክፍል ውስጥ፣ በብረቱ ቦዮች የሚገቡት የመዳብ ዘንጎች ከላይ ሲታዩ ወጥ ይመስላሉ። አይደሉም። እያንዳንዱ ዘንግ ብዙ ጠፍጣፋ ሽቦዎች እንደ ሹሩባ ተጎንጉነው የሚሠራ ነው፤ ታች የነበረው ሽቦ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል፣ ላይ የነበረው ይወርዳል፣ ሁሉም በየተራ በየቦታው ያልፋሉ። እንዲህ ካልሆነ አንዱ ሽቦ ከሌላው የበለጠ ይሸከምና ይግላል። አጎነጓጎኑን እ.ኤ.አ. በ1912 ያወጣው መሐንዲሱ ሉድቪግ ሮቤል ነው፤ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

ከዚያ ልብሱ ይመጣል። በስሱ የመስታወት ጨርቅ ላይ የተለጠፈ የሚካ ጥብጣብ በዘንጉ ላይ ይጠመጠማል፤ እያንዳንዱ ዙር የቀደመውን ዙር ግማሽ እየሸፈነ፣ ንብርብር በንብርብር ላይ። ቀጥ ያለውን ክፍል ማሽን ይጠመጥመዋል። ዘንጎቹ እርስ በርስ የሚጋጠሙበትን ጫፍ ግን ማሽን አይደርስበትም፤ እዚያው ግድቡ ሥር የባለሙያ እጅ ነው የሚሸፍነው። ጥብጣቡ ከላላ አየር ይገባል፤ አየር በገባበት ትንሽ ኪስ ውስጥ ደግሞ ጥቃቅን ብልጭታ እየተነሣ ዓመት ከዓመት ሙጫውን ይበላዋል። ስለዚህ ጥብጣቡ በኢፖክሲ ሙጫ ተዘፍቆ፣ አየሩ ወጥቶ፣ በሙቀት ይጠነክራል። በመጨረሻ ቦዩ ውስጥ የሚቀመጠው ክፍል ካርቦን ያለበት ጥቁር ቀለም ይቀባል። ከቦዩ በሚወጣበት ጫፍ ላይ ደግሞ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ግራጫ ቀለም አለ፤ ሲሊኮን ካርባይድ ነው። የኤሌክትሪክ ጫናው በበረታበት ቦታ ራሱ ይበልጥ እያስተላለፈ ጫናውን ያሰራጨዋል፣ በረገበበት ይዘጋል። ምንም የሚንቀሳቀስ ነገር ሳይኖረው እንዲህ የሚያመዛዝን ቀለም ማግኘት ለእኔ ከተርባይኑ የማያንስ ሥራ ነው።

ኢፖክሲ የፋብሪካ ውጤት ይሁን እንጂ ባሕርዩ ለግድቡ አካባቢ እንግዳ አይደለም። ጉባ የዕጣን ዛፍ አገር ነው፤ ከቅርፊቱ እየወጣ የሚደርቀው ሙጫም ሆነ ኢፖክሲው ሞለኪውሎቻቸው ተሰልፈው አይቆሙም፣ እንደተዘበራረቁ ይደርቃሉ። ሳይንሱ አሞርፈስ ይላቸዋል። በድሮ ማመንጫዎች ሚካውን ያጣብቁ የነበሩትም ሼላክ የሚባለው የነፍሳት ሙጫና አስፋልት ነበሩ።

በመዳብ ውስጥ ኤሌክትሮን መንገዱ የተጠረገ ነው። በሙጫ ውስጥ ግን ቻርጅ የሚቀመጠው ጥልቀታቸው በተለያየ ጉድጓዶች ውስጥ ነው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመዝለል ሙቀት መግፋት አለበት። ተመራማሪው ሃይንዝ ቤስለር እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመው ዝነኛ ጽሑፍ እንዲህ ያለውን ዝላይ በስሌት አሳይቷል፤ ሙቀት ሲጨምር ቻርጁ በእጅጉ ይፈጥናል። በአንድ ዘንግ ላይ፣ በጥቂት ሚሊሜትር ልዩነት፣ ሁለቱ ቁሶች ለሙቀት ተቃራኒ መልስ ይሰጣሉ ማለት ነው። ከ20 ወደ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ የመዳቡ ተቃውሞ በ30 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የኢፖክሲ ሽፋን ተቃውሞ ግን፣ ባለሙያዎች በሚጠቀሙበት የማስተካከያ ቀመር፣ ከ40 ወደ 80 ሲወጣ ብቻ ወደ አንድ አምስተኛ ገደማ ይወርዳል። ጭነት ሲበዛ መዳቡ ይግላል፣ ሙቀቱ ወደ ልብሱ ያልፋል፣ ልብሱ ይደክማል። ሠሪው ይህን አስቀድሞ ያውቃል፤ ውፍረቱ የሚወሰነውም በዚህ ነው። ቢያሳንሰው ቻርጅ ያልፋል፣ ቢያወፍረው ሙቀቱ መውጫ ያጣል።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኬሚስቱ ፕሮፌሰር ወንድማገኝ ማሞና ባልደረቦቻቸው ከስዊድን ተመራማሪዎች ጋር የሠሩት የዚሁ ጥበብ ተቃራኒ ነው፤ ለፀሐይ ኃይል የሚሆኑ ፖሊመሮችን ሲያዘጋጁ ድካማቸው ቻርጁ ሳይሰናከል እንዲያልፍ ነበር። የጉባው ሽፋን ድካም ደግሞ እንዳያልፍ ነው።

የሽፋኑ ጥራት የሚታወቀው ሜገር በሚባለው የተቃውሞ መለኪያ ነው፤ ፈተናውም ትዕግሥት ይጠይቃል። ቮልቴጁ ተሰጥቶ አንድ ደቂቃ ላይ ይነበባል፤ ከዚያ ሳይነካ ተትቶ አሥር ደቂቃ ላይ እንደገና። በጥሩ ሽፋን ውስጥ ቻርጁ በየጉድጓዱ እየተያዘ ስለሚቀር የሚያልፈው ከረንት እያነሰ ይሄዳል፣ ንባቡም ይወጣል። የአሥረኛው ደቂቃ ንባብ ቢያንስ የአንደኛውን እጥፍ እንዲሆን ይፈለጋል። እርጥበት ወይም ቆሻሻ ካለ ሁለቱ ቁጥሮች ተቀራርበው ይቀራሉ። ያን ንባብ ሲወጣ ማየት ለእኔ የጠምጣሚውን እጅ እንደማየት ነው።

ክረምት ላይ፣ ማሽን ቆሞ ሲቀዘቅዝ፣ እርጥበት ጠብታ ሆኖ የዘንጎቹ ጥቅል ላይ ሊያርፍ ይችላል። ስለዚህ በቆመ ጄኔሬተር ውስጥ ማሞቂያ ይበራል፤ ሲሠራ የሚፈራው ሙቀት ሲቆም ጠባቂ ይሆናል። ሽፋኑ በሜገር በሚፈተንበት ዕለትም ባለሙያው ከንባቡ ጎን የጥቅሉን ሙቀት ይጽፋል፤ ቁጥሩ ወደ 40 ዲግሪ ተስተካክሎ ካምናው ጋር የሚተያየው በዚያ ነውና።