ምትሃትና ውሸት፦ በጠረጴዛ ዙሪያ ስለሚተረክ ጨዋታ

ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 ያወጡት «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» በቃል የሚቆም ጨዋታ ነው። አንዱ የጨዋታው መሪ ሆኖ ዓለሙን ይተርካል፤ ሌሎቹ የየገጸ ባሕርያቸውን ሚና ይዘው «እንዲህ አደርጋለሁ» ይላሉ፤ ውጤቱ ሲያጠራጥር ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይጣላል።

ታዲያ ሁሉም ነገር ቃል በሆነበት ምትሃት ምን ማለት ነው? መሪው «ከፊታችሁ የድንጋይ ግድግዳ አለ» ሲል፣ እውነተኛውም ግድግዳ ምትሃቱም የሚሠሩት ከአንድ ጭቃ ነው። የእሳት ድግምት ጉዳቱ ተቆጥሮ ያልቃል። ምትሃት ግን በተራኪና በአድማጭ መካከል ያለውን መተማመን ይነካል።

የቀደሙት እትሞች ነገሩን በእምነት ፈቱት። በ1978 የታተመው የተጫዋቾች መመሪያ ምትሃተኛን የአስማተኛው ንዑስ ክፍል አድርጎ አቀረበ፤ «አላምንም» ያለ ተጫዋችም ዳይስ ጥሎ ከምትሃቱ ሊያመልጥ ይችል ነበር። መዘዙ ግልጽ ነው፤ ተጫዋቹ ላየው ሁሉ «አላምንም» ማለት ይለምዳል። መሪውም «እስቲ ዳይስ ጣል» ባለ ቅጽበት ምስጢሩ ወጥቷል።

የ2014ቱ አምስተኛ እትም ጥያቄውን ከእምነት ወደ ድርጊት አዞረው። «ማይነር ኢሉዥን» የተባለው ቀላል ድግምት ከ5 ጫማ ኪዩብ የማይበልጥ ምስል ለ1 ደቂቃ ያቆማል። የነካው ሰው እጁ ሲያልፍ ያውቀዋል፤ ተራውን ሰውቶ የመረመረው ደግሞ ዳይስ ይጥላል። በእኔ ግምት ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው፤ ያልመረመረ አይጥልም። በዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ሣጥን ያየ ዘበኛ የሚጠራጠርበት ምክንያት የለውም። ሣጥኑ ዓይኑ ሥር ድንገት ከበቀለ ግን አለው። አርስቶትል በሥነ ግጥም ድርሳኑ፣ የማይቻል ሆኖ የሚታመን ነገር ተችሎ ከማይታመን ይሻላል ይላል። የምትሃተኛው ሙያም ይኸው ነው፤ ኃይሉ የሚለካው ለቦታው የሚስማማውን በመምረጡ ነው።

በዚሁ እትም «ፋንታዝማል ፎርስ» የሚባለው ድግምት የአንድን ፍጡር አእምሮ ብቻ ይይዛል። በሌለ ድልድይ ላይ የተራመደ ሰው ገደል ይገባል፤ ከወደቀ በኋላም ድልድዩ መኖሩን አይጠራጠርም፤ ተገፋሁ፣ አዳለጠኝ ወይም ነፋስ ጣለኝ ይላል። የሕጉ ጸሐፊዎች እዚህ ላይ ስለ ሰው አንድ ነገር ገብቷቸዋል፤ የተታለለ ሰው ለእምነቱ ራሱ ጠበቃ ይቆምለታል።

«ዳይሱን ከቀነስን መሪው አምባገነን አይሆንም ወይ?» የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ ተገቢ ነው። ምትሃተኛ መሆንን የመረጠ ተጫዋች በመሪው ምሕረት ሊኖር አይገባም። ስለዚህ መሪው ሁለት ግዴታ አለበት። አንደኛ፣ ዘበኛው ስለ ግምጃ ቤቱ ምን ያውቃል የሚለውን የተጫዋቹን ዘዴ ከመስማቱ በፊት ይወስን። ሁለተኛ፣ እሱ ራሱ ተጫዋቾቹን በምትሃት ሲያታልል ፍንጩን በትረካው ውስጥ ያስቀምጥ፤ «ዝናቡ ይወርዳል፤ ግድግዳው ግን ደረቅ ነው» ይበል።

እንቆቅልሽ ተጫውቶ ያደገ ሰው ይህን ሕግ ያውቀዋል። መልሱ ያቃተው «አገር ስጠኝ» ሲባል ቅር ሳይለው አገር የሚሰጠው፣ መልሱ ከጥያቄው ውስጥ እንደነበረ ሲነገረው ስለሚያየው ነው። ፍንጭ የሌለው እንቆቅልሽ አገር አያሰጥም፤ ጠብ እንጂ። ደረቁን ግድግዳ ሰምተው ያለፉ ተጫዋቾች ሲታለሉ በራሳቸው ይስቃሉ። ምንም ያልተነገራቸው ግን ተዋሽተዋል፤ ከዚያ በኋላ መሪው ስለ እውነተኛው ግድግዳ ሲነግራቸውም አያምኑትም።