የሥነ ልቦና መግቢያው ሃንድአውት፦ ምን ሰጠን? ምን ጎደለው?

በዚህ እትም የምንገመግመው ልብ ወለድ ወይም የግጥም መድበል አይደለም። በመምህራን ሥልጠና ኮርስ ላይ ያላችሁ ሁሉ በደንብ የምታውቁትን፣ ከፎቶኮፒ ላይ ፎቶኮፒ እየተነሣ ዳር ዳሩ የጠፋውን የሥነ ልቦና መግቢያ ሃንድአውት ነው። ማን እንዳዘጋጀው አልተጻፈበትም፤ እኛም ሰው ለመውቀስ አልተነሣንም። ግን ብዙዎቻችን መምህራን ስለ ልጅ አእምሮ የምናነበው የመጀመሪያው፣ አንዳንዴም የመጨረሻው ወረቀት ይኸው ስለሆነ በዝምታ ልናልፈው አልፈለግንም።

በቅድሚያ ምስጋና ይገባዋል። አጭር ነው፣ ቋንቋው አይከብድም። ሥነ ልቦና ማለት የአእምሮ ሕመም ሕክምና ብቻ የሚመስለው ሰው የመጀመሪያውን ገጽ አንብቦ ሐሳቡን ይለውጣል። አምስቱን ቀደምት የአስተሳሰብ ጎራዎች፣ ማለትም መዋቅራዊነትን፣ ተግባራዊነትን፣ ጌስታልትን፣ ባህሪያዊነትንና ሳይኮአናሊሲስን ከነመሥራቻቸው በአንድ ሠንጠረዥ አስቀምጦልናል። ለፈተና ዋዜማ ጥሩ ነው። ችግሩ በማግስቱ ክፍል ውስጥ ስንገባ ይጀምራል።

መጀመሪያ አንድ ስሕተት እናርም። ሠንጠረዡ "መዋቅራዊነት፣ መሥራች ውንት፣ 1879" ይላል። ዊልሄልም ውንት በ1879 በጀርመን አገር በላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ቤተ ሙከራ መክፈቱ እውነት ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሥነ ልቦና ከፍልስፍና ተለይቶ ራሱን የቻለ ሳይንስ ሆነ የሚባለውም ከዚያ ጀምሮ ነው። መዋቅራዊነት የተባለውን ጎራ በስሙ ያቆመው ግን ተማሪው ኤድዋርድ ቲችነር ነው። እንግሊዛዊው ቲችነር በ1892 አሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ የሥነ ልቦና ዋና ሥራ ኬሚስት ውህድን እንደሚበትን ሁሉ የሰውን ውስጣዊ ስሜት ወደ ጥቃቅን ክፍሎቹ መበተን ነው ብሎ አስተማረ። ውንት ይህን ያህል ጠባብ አልነበረም። ቋንቋን፣ ተረትን፣ ልማድን የፈጠረውን የሰው አእምሮ በቤተ ሙከራ ብቻ ማወቅ አይቻልም ብሎ ከ1900 እስከ 1920 አሥር ቅጽ መጽሐፍ ጽፏል። ይሄ ቀላል እርማት አይደለም። "የሥነ ልቦና አባት" የምንለው ሰው ራሱ፣ አእምሮን ለማወቅ የሕዝቡን ቋንቋና ልማድ እወቁ ያለ ሰው ነበር። ብዙ ቋንቋ በሚነገርበት ክፍል ለሚያስተምር መምህር ከዚህ የቀረበ ምክር ከየት ይመጣል?

ከስሕተቱ የሚብሰው ግን አቀራረቡ ነው። ሃንድአውቱ ጎራዎቹን እንደ ነገሥታት ዝርዝር ደርድሯቸዋል፤ አንዱ ሞተ፣ ሌላው ነገሠ። በምን ተጣሉ? ምን ፈልገው ነበር? የሚለው የለም። እስቲ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ስትጠየቅ አትመልስም እንበል። ዝም ትላለች። አምስቱ ጎራዎች ምን ይላሉ?

መዋቅራዊው፣ አሁን የሚሰማሽን ነገር ከፋፍለሽ ንገሪኝ ይላታል። ልጅቷ ይህን አትችልም። ዘዴው የሠለጠነ አዋቂ ይፈልግ ነበር፤ የአንዱ ቤተ ሙከራ ውጤትም ከሌላው ጋር አልስማማ ይል ነበር። ጎራው የከሰመውም አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። ተግባራዊው፣ እነ ዊልያም ጄምስና ጆን ዲዊ፣ "ዝምታዋ ለምን ይጠቅማታል?" ይላል። ምናልባት በማታውቀው ቋንቋ ከመሳሳት ያድናት ይሆናል። ጄምስ ትልቁን የሥነ ልቦና መጽሐፉን በ1890 አወጣ፤ በ1899 ደግሞ በተለይ ለመምህራን ያቀረባቸውን ንግግሮች አሳተመ። ሃንድአውቱ ግን ይህን የመምህራን መጽሐፍ አንድ ጊዜ እንኳ አያነሣውም።

የጌስታልት ሰዎች ሥራ የሚቆጠረው ማክስ ቬርትሃይመር በ1912 ካሳተመው ጥናት ጀምሮ ነው። ሁለት ቦታ ላይ ያሉ ነገሮች በፍጥነት ሲፈራረቁ ዓይናችን የሚያየው አንድ የሚንቀሳቀስ ነገር ነው። ስለዚህ ሙሉው ነገር ከክፍሎቹ ድምር የተለየ ነው አሉ። ለዝምተኛዋ ልጅ ሲተረጎም፣ ልጅቷን ብቻ አትይ፤ አግዳሚውን፣ ጎረቤቷን፣ ቋንቋውን፣ የመጣችበትን ብሎክ አንድ ላይ እይ ማለት ነው። በ1913 የተነሣው ጆን ዋትሰን ደግሞ ስለ ውስጧ አትጨነቅ፣ የሚታየውን ቁጠር ይላል። ባለፈው ስትመልስ ምን ተከተለ? ተሳቀባት? ተመታች? ሲግመንድ ፍሮይድም ከዝምታው በስተጀርባ እሷ ራሷ የማታውቀው ነገር ሊኖር ይችላል ይላል።

እንግዲህ አምስቱም ጥያቄዎች ናቸው፤ አንዱም ብቻውን አይበቃም። ተማሪ እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ካወቀ ሠንጠረዡን ቢረሳም አይጎዳም። ሠንጠረዡን በቃሉ ይዞ ጥያቄዎቹን ካላወቀ ግን ልጅቷን "ደደብ ናት" ብሎ ከኋላ ወንበር ሊያስቀምጣት ይችላል።

ከሁሉም በላይ ያሳሰበን ስለ ባህሪያዊነት የተጻፈች አንዲት መስመር ናት፦ "ቅጣት መጥፎ ባህሪን ያጠፋል።" ሳይቀጡ ያሳደጉት ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል ሲባል ሰምቶ ያደገ መምህር ይህን ሲያነብ፣ ሳይንስ ለዱላው የፈረመለት ይመስለዋል። የባህሪያዊነት ትልቁ ሰው ቢ. ኤፍ. ስኪነር ግን ተቃራኒውን ነው የጻፈው። ቅጣት ባህሪውን ለጊዜው ያፍነዋል፤ ቀጪው ዞር ሲል ይመለሳል፤ በላዩም ፍርሃትና ሽሽትን ይጨምራል። ስኪነር የመከረው መልካሙን ድርጊት ወዲያው ማበረታታትን ነው።

ዋትሰንና ረዳቱ ሮዛሊ ሬይነር በ1920 ያሳተሙት ሙከራም በሃንድአውቱ "የተሳካ ሙከራ" ተብሎ ብቻ ታልፏል። ምን ነበር ያደረጉት? አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ነጭ አይጥ እያሳዩ ከኋላው የብረት ዘንግ በመዶሻ ይመቱ ነበር። ሕፃኑ ከጥቂት ድግግሞሽ በኋላ አይጡን ብቻ ሲያይ ማልቀስ ጀመረ፤ ጥንቸልና ፀጉራም ነገርም ፈራ። ፍርሃቱን ሳያስለቅቁት ሕፃኑ ሄደ። ዛሬ እንዲህ ያለ ሙከራ ማንም አይፈቅድም። መምህር ከዚህ የሚማረው ፍርሃት እንዴት በቀላሉ እንደሚጣበቅ ነው። ጥቁር ሰሌዳ ፊት የተመታ ልጅ የሚፈራው ዱላውን ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ሰሌዳውንም፣ ሒሳቡንም፣ ትምህርት ቤቱንም ሊሆን ይችላል።

የሥነ ልቦና ዘርፎችን የሚዘረዝረው ገጽም እንዲሁ ደረቅ ነው። "ክሊኒካዊ፣ የአእምሮ ሕመምን የሚያክም" ብሎ ያልፋል። ላይትነር ዊትመር በ1896 በፔንስልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን የሥነ ልቦና ክሊኒክ ሲከፍት ግን የመጀመሪያው ጉዳይ ፊደል አስተካክሎ መጻፍ ያቃተው ልጅ ነበር። ያመጣችውም መምህርቱ ናት! ሲመረመር የዓይን ችግር ተገኘበት። ይህ ዘርፍ የተጀመረው "ይህ ልጅ ሰነፍ አይደለም፣ ሌላ ነገር አለ" ባለች መምህርት ነው ማለት ይቻላል። አልፍሬድ ቢኔም እንዲሁ። በ1905 ከቴዎዶር ሲሞን ጋር ያወጣው ፈተና ተጨማሪ እገዛ የሚያስፈልጋቸውን የፈረንሳይ ልጆች ለመለየት የታሰበ ነበር። የልጅ የማሰብ ችሎታ ተወስኖ ያለቀ ነገር ነው የሚሉትን ቢኔ አጥብቆ ተቃውሟል። ሃንድአውቱ "የማሰብ ችሎታ መለኪያ ፈልሳፊ" ብሎት ብቻ ሲያልፍ ሰውየው የተቃወመውን ነገር በስሙ እንድናምን ያደርገናል።

አሁን ደግሞ ለእኛ ከሁሉ ይበልጥ ወደቀረበው ጉዳይ እንምጣ። በሠንጠረዡ ላይ ካሉት ሰዎች መካከል ስደተኞች እንደነበሩ ስንቶቻችን እናውቃለን? ናዚዎች በ1933 ሥልጣን ሲይዙ አይሁዳዊው ቬርትሃይመር ጀርመንን ለቆ ኒውዮርክ ገባ። ኩርት ሌቪንም በዚያው ዓመት ተሰደደ። ቮልፍጋንግ ኮህለር አይሁዳዊ አልነበረም፤ ቢሆንም የባልደረቦቹን መባረር በበርሊን ጋዜጣ ላይ ተቃወመ፣ በ1935ም አገሩን ለቀቀ። ፍሮይድ በ1938፣ በ82 ዓመቱ፣ ከቪየና ወደ ለንደን ሸሸ፤ በዓመቱ ሞተ። ቪየና የቀሩት አራት እኅቶቹ በናዚ ካምፖች አለቁ።

ቬርትሃይመር በስደት ላይ ሆኖ የጻፈው፣ ከሞተ በኋላ በ1945 የታተመው መጽሐፉ የሚናገረው ስለ ትምህርት ቤት ነው። የፓራሌሎግራምን ስፋት ማስሊያ በቃላቸው የያዙ ተማሪዎች ቅርጹ ዞሮ ሲቀርብላቸው ግራ እንደተጋቡ ይተርካል። ሽምደዳን የተቸውን ሰው እኛ እየሸመደድነው ነው!

የፍሮይድ ልጅ አናም ከአባቷ ጋር የተሰደደች ናት። በጦርነቱ ጊዜ ከዶሮቲ በርሊንግሃም ጋር ለንደን ውስጥ ሕፃናት የሚጠለሉበት ቤት ከፈተች። ልጆቹን በየቀኑ እየተመለከቱ የጻፉት ነገር ብዙውን ሰው አስገርሟል፤ ብዙ ልጆችን ከቦምቡ ይልቅ የጎዳቸው ከእናት መለየቱ ነበር። ስለዚህ ልጆቹን እንደ ቤተሰብ በትንንሽ ቡድን ከፍለው ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ የማትቀያየር ተንከባካቢ መደቡለት። ያለ ወላጅ የመጡ ልጆችን ለምናስተምር ለእኛ ይህ አንድ አንቀጽ ከጠቅላላው ሠንጠረዥ ይበልጣል። መምህር ሐኪም አይሆንም፤ ቀጥ ብሎ በሰዓቱ መገኘት፣ የልጁን ስም ማወቅ፣ ቡድኑን አለመበታተን ግን ይችላል።

በመጨረሻ ሚዛናዊ ለመሆን ያህል፣ እነዚህ ጎራዎች ሁሉ የተወለዱት በጥቂት የአውሮፓና የአሜሪካ ከተሞች ነው። እኛ "ልብ በል" ስንል አስተውል ማለታችን ነው፤ "ልቡ ሸፈተ"፣ "ልብ ገዛ" እንላለን፤ የትምህርቱንም ስም ያወጣነው ከዚሁ ከልብ ነው። በክፍላችሁ ያሉት ሌሎች ቋንቋዎችም የየራሳቸው አነጋገር አላቸው። ይህን ከተማሪ ጋር መሰብሰብ ወጪ አይጠይቅም፤ ውንትም ደስ ሳይለው አይቀርም።

ስለዚህ አስተያየታችን ይህ ነው። ሃንድአውቱ አይጣል፤ ይታረም። በውንት አጠገብ የቲችነር ስም ይጻፍ። የቅጣቷ መስመር ተሰርዛ ስኪነር ያለው ይተካ። ከየጎራው ስም ጎን የሚጠይቀው ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጨመር። ፈተና የምታወጡ መምህራንም "መሥራቹ ማን ነው?" ከማለት ይልቅ "ይህች ዝም ያለች ልጅ በክፍልህ ብትኖር መጀመሪያ ምን ትጠይቃለህ?" ብላችሁ ሞክሩ። መልሱ ለማረም ይከብዳል፤ ተማሪው ግን ልጅቷን ያያታል።