ከልደታ ወደ ገርዓልታ፦ በአሸዋ ድንጋይ ላይ ለሚደረግ ጉዞ ስለ ማቀድ

ገደል ለመውጣት የሚደረግ ጉዞ ሲታቀድ ሐሳብ ቶሎ የሚሮጠው ወደ ገመዱና ወደ ብረት ዕቃው ነው፤ ዐለቱ አሸዋ ድንጋይ ሲሆን ግን ዕቅዱ መነሣት ያለበት ከውሃ ነው። አሸዋ ድንጋይ ማለት ወንዝ፣ ነፋስ ወይም ባሕር ያከማቸው አሸዋ በላዩ በተጫነው ክብደት ተጠቅጥቆ፣ በቅንጣቶቹ መካከል ሰርጎ በገባ ማዕድን ተጣብቆ የጠነከረ ዐለት ነው። ስለዚህ ጥንካሬው በአብዛኛው የሚመጣው ከአሸዋው ሳይሆን ከማጣበቂያው ነው፤ ማጣበቂያው ሲሊካ የተባለው ማዕድን ከሆነ ዐለቱ ይበረታል፣ ሸክላ ወይም ኖራ መሰል ማዕድን የበዛበት ከሆነ ግን ዝናብ ሲጠጣ ይላላል፤ ትናንት የሰው ክብደት የተሸከመች ጠርዝ ዛሬ በእጅ ውስጥ ትቆረሳለች።

ይህ ጠባይ ለአዲስ አበባ ሰው ከለመደው የራቀ ነው። በልደታ አካባቢ እግር የሚረግጠው ኮብልስቶን፣ የአሮጌ ቤቶች መሠረትና የአጥር ድንጋይ በአመዛኙ ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ጥቁር ወይም ግራጫ ድንጋይ ነው፤ የነሐሴ ዶፍ ወርዶበት ፀሐይ ብልጭ ስትል በጥቂት ሰዓት ይደርቃል፣ ከደረቀም በኋላ እንደ ቀድሞው ነው። በዚህ ድንጋይ መካከል ያደገ ዐይን ገጹ የደረቀ ዐለት ሁሉ ውስጡም የደረቀ ይመስለዋል። አሸዋ ድንጋይ ግን እንደ አዲስ እንስራ ውሃውን ወደ ውስጥ ስለሚስብ፣ ከላይ ነጥቶ ሳለ ከውስጥ ርጥብ ሆኖ ይቆያል። ልምድ ያላቸው ተራራ ወጪዎች የሚጠቀሙበት ቀላል መፈተኛ በገደሉ ሥር ያለውን አፈር በጣት ቆፈር አድርጎ ማየት ነው፤ ከደረቀው ንጣፍ በታች ርጥበት ከተገኘ ዐለቱም ርጥብ ነው ተብሎ ይወሰዳል። ከዝናብ በኋላ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን መታገሥ የተለመደ ሲሆን፣ ጥላ በሚውልበት ገጽ ላይ ጊዜው ከዚያም ይረዝማል። በመሆኑም ለአምስት ቀን በሚታሰብ ጉዞ ውስጥ የመውጫው ቀን ሦስት ብቻ ቢሆን ይበጃል፤ ሁለቱ ለመጠበቅ የተያዙ ናቸው፣ እንደ ባከኑም መቆጠር የለባቸውም።

በኢትዮጵያ ለዚህ ዐይነት ጉዞ ቀዳሚው ስፍራ በትግራይ፣ በሐውዜንና በመጋብ አቅራቢያ የሚገኘው የገርዓልታ ሰንሰለት ነው። የሥነ ምድር ሊቃውንት ዐለቱን በአዲግራት ከተማ ስም «የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ» ይሉታል፤ ይኸው ንጣፍ በዓባይ ሸለቆ ሥርም ብቅ ይላል፣ ዕድሜውም በትሪያሲክና በጁራሲክ ዘመናት፣ ማለትም 200 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወደ ኋላ፣ ይመደባል። ያቀላው በውስጡ ያለው የብረት ዝገት ነው። ውሃና ነፋስ ቁልቁል የወረዱትን ስንጥቆች እየተከተሉ ስለ ሸረሸሩት፣ አንድ የነበረው ንጣፍ እንደ ግንብና እንደ ጣት ተለያይተው የቆሙ ዓምዶች ሆኖ ቀርቷል። ከውስጥ ወደ ውጭ የሚወጣው ርጥበት ማዕድኑን በገጹ ላይ ጥሎ ስለሚሄድ ቅርፊቱ ይጠነክራል፣ ከቅርፊቱ በስተኋላ ያለው ግን ለስላሳ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ማንኛውም መያዣ ክብደት ከመሸከሙ በፊት በመዳፍ መታ ተደርጎ ድምፁ መደመጥ አለበት፣ እንደ ከበሮ ባዶ የሚያስተጋባውም አይታመንም። አሜሪካዊቷ ተራራ ወጪ ማጅካ ቡርሃርት በዚህ አገር ያደረገችውን ጉዞ «ቨርቲካል ኢትዮጵያ» በተባለ መጽሐፍ በ2008 እ.ኤ.አ. ለንባብ አብቅታለች፤ ከውጭ የመጡ ሌሎች ወጪዎችም በእነዚህ ዓምዶች ላይ መንገድ ከፍተዋል።

ይሁን እንጂ ጥበቡ ከውጭ የመጣ አይደለም፤ ዕቅድ አውጪውም ይህን ካልተገነዘበ ከአገሩ የሚማረውን ትልቁን ትምህርት ያጣል። በትግራይ በሚገኘው በደብረ ዳሞ ገዳም፣ ትውፊት ከዘጠኙ ቅዱሳን አንዱ አቡነ አረጋዊ በ6ኛው ክፍለ ዘመን መሠረቱት በሚለው አምባ ላይ፣ ወደ ላይ የሚያደርሰው መንገድ 15 ሜትር ያህል ቁመት ያለው ገደል ነው። ወጪው በእጁ የሚይዘው ከቆዳ የተጎነጎነ ወፍራም ገመድ ከላይ ተንጠልጥሎለታል፤ ከዚህ የተለየ ሌላ ጠፍር ደግሞ በወገቡ ይታሰራል፣ ይህንንም ከላይ የቆመው መነኩሴ ወጪው ከፍ ባለ ቁጥር እየሳበ ይሰበስበዋል። ዛሬ በዓለም «ቶፕ ሮፕ» የሚባለው ዘዴ፣ ማለትም የደኅንነቱ ገመድ ከወጪው በላይ ተይዞ፣ እጁ ቢስት ብዙ ሳይወድቅ ወዲያው ተንጠልጥሎ እንዲቀር የሚደረግበት አሠራር፣ በመሠረቱ ይኸው ነው። አንዱ ገመድ ለጉልበት፣ ሌላው ለነፍስ ተብሎ የተለየበት ይህ ሥርዓት ለጀማሪ ከማንኛውም መማሪያ ጽሑፍ ይልቅ ግልጽ ነው፤ ሁለቱን ተግባሮች በአንድ ገመድ መደባለቅ ዛሬም አደጋ ያመጣልና። ገዳሙ ሴቶችን ስለማያስገባ፣ በቡድኑ ውስጥ ሴቶች ካሉ ይህ ከመነሻው ታውቆ መርሐ ግብሩ በዚያው ልክ ሊወጣ ይገባል።

በገርዓልታ ያለው አቡነ ይምአታ ጉሕ ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምራል። ወደዚህ ከዐለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን የሚወጣ ምእመን ጫማውን አውልቆ፣ እጅና እግሩን በተቦረቦሩ ጉድጓዶች ውስጥ እያስገባ ቀጥ ያለውን ክፍል ካለፈ በኋላ፣ በስተ አንድ ወገኑ ጥልቅ ገደል ባለበት ጠባብ ጠርዝ ላይ ይሄዳል። እናቶች ለክርስትና የሚያደርሷቸውን ሕፃናት አዝለው በዚህ መንገድ ይወጣሉ። መያዣዎቹን ያለሰለሰው የብዙ ትውልድ እጅና እግር ነው፤ ሰው ለዘመናት የረገጠው ዐለት የተፈተነ ዐለት ስለሆነ፣ አዲስ ወጪ ከሁሉ አስቀድሞ የአገሬው ሰው በየት በኩል እንደሚያልፍ መመልከት አለበት። ባዶ እግርም እዚህ የእምነት ሥርዓት ብቻ ሳይሆን፣ ጠርዟ ስትሸራረፍ የሚሰማ፣ ለዐለቱም የማይከብድ መሣሪያ ነው።

ከአሸዋ ድንጋይ ጋር ረጅም ዘመን የኖሩ ሌሎች አገሮችም ወደ ተመሳሳይ ጥንቃቄ ደርሰዋል። በጀርመን ሳክሶኒ ግዛት፣ በኤልበ ወንዝ አጠገብ፣ ለስፖርት ተብሎ ዐለት መውጣት የተጀመረው በ1864 እ.ኤ.አ. ፋልከንሽታይን የተባለው ዓምድ ሲወጣ እንደ ሆነ ይነገራል፤ በዚያ የጸናው ደንብ ርጥብ ዐለት መውጣትን፣ በስንጥቅ የሚሸጎጥ የብረት መያዣንና እጅ እንዳያንሸራትት የሚቀባውን ነጭ ዱቄት ይከለክላል፣ በብረቱ ፋንታም የተቋጠረ ገመድ በስንጥቁ እንዲሸጎጥ ያደርጋል። ምክንያቱ በ«ካም» ይታያል። ካም በሞላ የሚሠራ፣ በስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ሲሳብ ወደ ጎን የሚከፈት መያዣ ሲሆን፣ በጠንካራ ዐለት ውስጥ እጅግ የሚታመን ነው፤ በለስላሳ አሸዋ ድንጋይ ላይ ግን ሰው ሲወድቅ የሚፈጠረው ግፊት የስንጥቁን ግድግዳ አድቅቆ መያዣውን ሊያስወጣው ይችላል። ስለዚህ ለገርዓልታ የሚታሰረው ጓዝ ግፊቱን በሰፊ ገጽ የሚያካፍሉ ሰፋፊ ካሞችን፣ በተፈጥሮ በተጣበቁ ድንጋዮችና ቀንዶች ዙሪያ የሚጠመጠሙ ረጃጅም ማሰሪያዎችንና የራስ ቁርን ያካትታል፤ ገመዱም ሲሳብ በመጠኑ ተለጥጦ የውድቀቱን ኃይል የሚያበርድ፣ «ዳይናሚክ» የተባለው ዐይነት ይሆናል። ነጩ ዱቄት በቀዩ ገጽ ላይ እድፍ ጥሎ ስለሚሄድ ከቤተ ክርስቲያን አጠገብ ፈጽሞ ባይደርስ ይመረጣል። የቤተ ክርስቲያን ይዞታ በሆነ ዐለት ላይ በመሰርሰሪያ ቀዳዳ ማውጣት ደግሞ ፈቃድ የማይጠየቅበት፣ የማይደረግ ነገር ነው።

ፈቃድ የሚጠየቅባቸው ጉዳዮች ግን ብዙ ናቸው። የትኛው ዓምድ የቤተ ክርስቲያን እንደ ሆነ፣ በየትኛው ቀን ንግሥ ወይም ቅዳሴ እንዳለ፣ የማን እርሻ እንደሚቋረጥ የሚያውቁት የስፍራው ካህናት፣ ገበሬዎችና አስጎብኚዎች ናቸው፤ የአስጎብኚ ክፍያም ከበጀቱ ሲጎድል የሚቀነስ ሳይሆን በመጀመሪያ የሚያዝ ወጪ መሆን አለበት። ከጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. አንሥቶ የፕሪቶሪያው ስምምነት እስከ ተፈረመበት እስከ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ድረስ የቆየው ጦርነት በዚህ አገር አልፏል። ጦርነት ያለፈበት መሬት ሳይፈነዳ የቀረ ተተኳሽ ሊኖርበት ስለሚችል፣ ከተለመደው የእግር መንገድ ወጥቶ አዲስ መዳረሻ መፈለግ የአካባቢው ሰው ሳይመራ አይደረግም፤ የመንገዱ ጸጥታም ከመነሻው ሳምንት ጀምሮ በየቀኑ ይጠየቃል።

ልደታ ላይ ተቀምጦ የሚሠራው ዝግጅት ከዚህ ይቀላል። የማቀጃው ወቅት ክረምት ነው፤ ከሕዳር እስከ ጥር ያሉት ደረቅና ቀዝቀዝ ያሉ ወራት የመውጫው ናቸው። በእነዚህ ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል የደቡብ ገጾች ይሞቃሉ፣ የሰሜኖቹ ጥላ ሆነው ይውላሉ፤ ማለዳና ቀትር የት እንደሚዋል በዚህ ይወሰናል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ስለምትገኝና የሐውዜን ከፍታም ከዚህ ብዙ ስለማይርቅ፣ የከተማዋ ነዋሪ አየሩን ለመልመድ አይቸገርም። ሊፍት የሌላቸው የልደታ ኮንዶሚኒየም ደረጃዎችም አራት ሊትር ውሃ በጀርባ ተይዞ ለሚደረግ ልምምድ በቂ ናቸው። እስከ መቀሌ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ የምድጃ ጋዝ ግን በመንገደኛ አውሮፕላን ስለማይጫን የበሰለ ምግብ ከዚያው አገር ቢገዛ ለተጓዡም ለአገሬውም ይጠቅማል።

በገርዓልታ ስልክ ተደውሎለት የሚደርስ የተራራ ነፍስ አድን ቡድን እንደሌለ ታስቦ መታቀድ አለበት፤ የተጎዳ ሰው በሸክም ወርዶ፣ ከዚያ በመኪና መቀሌ ወደሚገኘው ዓይደር ሆስፒታል መድረስ ይኖርበታል። አወራረዱም ከመውጫው ያላነሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ድካም የሚበረታው፣ ገመድም በአንድ መያዣ ላይ ሙሉ በሙሉ የሚታመነው ያን ጊዜ ነውና፣ ገመዱ የሚታሰርበት ነጥብ ሁልጊዜ ቢያንስ ሁለት መሆን አለበት። ለመውረድ ከአራት ሰዓት ያላነሰ ብርሃን ሊተርፍ ይገባል። ጀንበር 12 ሰዓት ገደማ ስለምትጠልቅ፣ ቀኑ 8 ሰዓት ሲሆን ጫፍ ያልደረሰ ቡድን የቀረው አሥር ሜትር ብቻ ቢሆን እንኳ ወደ ታች ይመለስ፤ ይህም ሰዓት ከልደታ ሳይነሣ በፊት በወረቀት ይጻፍ፣ የቡድኑም አባላት ሁሉ ይፈርሙበት።