ስለ ቴዎድሮስ አደባባይ መድፍ

ሐውልት የሚቆመው ያለፈውን ለማክበርና የሚመጣውን ትውልድ ለማስተማር ነው። ስለዚህ አንድን ሐውልት ስንመረምር ማማሩን ብቻ ሳይሆን፣ ምን እንደሚያስተምርና ምን እንደሚያስቀር ጭምር መጠየቅ ይገባናል።

በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ከፍ ብሎ የተቀመጠው የሴባስቶፖል አምሳያ ነው። 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ዋናው መድፍ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ተሠርቶ ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ ይገኛል። አምሳያው ዐፄ ቴዎድሮስ ለአገራቸው የእጅ ጥበብን ምን ያህል ይመኙ እንደ ነበር በሚገባ ያስታውሳል፤ በዚህም ሊመሰገን ይገባዋል። ነገር ግን መድፉ ከጋፋት ተነሥቶ መቅደላ በማን ጉልበት እንደ ደረሰ አይናገርም።

እንደሚታወቀው ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥተው በጋይንት፣ በጨጨሆ በኩል ወደ ዋድላና ደላንታ ሲጓዙ፣ ለመድፍ የሚሆን መንገድ አልነበረም። ገደሉ እየተናደ፣ ድንጋዩ እየተፈነቀለ፣ መድፉ በሰው ጉልበት እየተጎተተ በሽሎን ተሻግሮ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት ወር ነው። ንጉሡ ራሳቸውም ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሡ ነበር። ይሁን እንጂ ያ ዘመን ለበጌምድር ገበሬ የመከራ ዘመን ነበር፤ ጎንደር በ1859 ዓ.ም.፣ ደብረ ታቦርም በጉዞው መነሻ ተቃጥለዋል፤ የገበሬው እህልና ከብትም በወታደር ተዘርፏል። እንግዲህ የመድፉ ታሪክ ክብርም መከራም ያለበት ነው፤ በአደባባዩ ላይ የሚታየው ግን ክብሩ ብቻ ነው።

ለማነጻጸር ያህል፣ በዚያው ከተማ በስድስት ኪሎ የቆመውን የየካቲት 12 ሐውልት እንመልከት። የዩጎዝላቪያ ቀራፂዎች አውጉስቲንቺችና ክርሺኒች በ1929 ዓ.ም. በፋሺስት እጅ ያለቀውን ሕዝብ በሐውልቱ ላይ ቀርጸውታል። ተመልካቹ ስም ያልተጻፈለትን ሰው ያያል፤ አይቶም ያዝናል።

አምሳያው ይነሣ ማለታችን አይደለም፤ ይሟላ ማለታችን ነው። በሥሩ ገመድ የሚስበው ሰውና እህሉ የተወሰደበት ገበሬ ቢቀረጹ፣ የንጉሡ ክብር አይቀነስም። ከጋይንት፣ ከስማዳ ወይም ከእስቴ የመጣ ተማሪም በዚያ ሲያልፍ የንጉሡን ሕልም ብቻ ሳይሆን፣ ለሕልሙ የተከፈለውንም ዋጋ ያነባል።