«መቼ ይብስብዎታል?»

ወረታ ላይ አለርጂን የምንለየው ከሁሉ በፊት በጥያቄ ነው። በቆዳ ላይ የሚሠራው የአለርጂ ምርመራ በእጃችን ስለሌለ «መቼ ይብስብዎታል?» ማለት ዋና መሣሪያዬ ሆኗል። ሩዝ በሚወቃበት ሰሞን ብቻ የሚያስነጥሰውና ዓይኑ የሚቀላው ገበሬ አለ። የሩዝ መፈልፈያ ቤት ሠራተኛው ግን ክረምት ከበጋ ያስለዋል፤ ሥራ ሳይገባ በዋለበት እሑድ ቀለል ይለውና ሰኞ ማታ ደረቱ ሲር ሲር ይላል። ይህን የትኛውም ላቦራቶሪ አይነግረኝም።

ብዙው ሰው የበሽታውን ስም ራሱ አውጥቶለት ይመጣል፤ ሳይነስ ነው፣ ብርድ ነው፣ ምች ነው። አልከራከርም። ሳሉ ሌሊት ይቀሰቅስዎታል? ምግብ የሚበስለው በኩበት ነው? ቤት ውስጥ ሌላ የሚያሳክከው ሰው አለ? እላለሁ። ቤተሰቡ በሙሉ ሌሊት ሲያክ የሚያድር ከሆነና ሽፍታው በጣቶች መሐል ከታየ እከክ ነው፤ መድኃኒቱም ለሁሉም አንድ ላይ ካልተሰጠ ይመለሳል።

የደም ውጤት ላይ ኢዮሲኖፊል የሚባለው ነጭ የደም ሕዋስ ከፍ ሲል ለአለርጂ መቸኮልም አያዋጣም። የርብና የጉማራ ወንዞች ክረምት በሚያጥለቀልቁት በእኛ ሜዳ ላይ መጀመሪያ ሰገራ ይታይ። የወስፋት እጭ በሳንባ ሲያልፍ ራሱ ደረትን ሲር ሲር ያሰኛል። የሚገርመው፣ ጅማ ላይ ተሠርቶ በ2001 እ.ኤ.አ. በላንሴት መጽሔት የወጣ ጥናት መንጠቆ ትል በብዛት ባለባቸው ሰዎች ላይ ይኸው ምልክት አነስ ብሎ አግኝቶታል። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ከሆነ ደግሞ አክታው ለቲቢ ይመርመር።

የሚያንገበግበኝ ሕክምናው ነው። አስም ያለበት ሰው በባሰበት ቁጥር መርፌ ተወግቶ ይሄዳል፤ «ፓፍ ከጀመሩት አይላቀቅም» ይባላላ! ሰማያዊው የሳልቡታሞል ፓፍ ለጊዜው ትንፋሽ ይከፍታል እንጂ የተቆጣውን የአየር ቧንቧ አያበርድም። የሚያበርደው በየቀኑ የሚሳበው ቤክሎሜታሶን ነው፤ ደህና በሆኑበት ቀንም ጭምር። ይህን ለማስረዳት የሚፈጀው ጊዜ ከመርፌው ይበልጣል፣ ግን ሕክምናው ይኸው ነው።

ሕፃናት ፓፉን ከትንፋሻቸው ጋር አያስማሙትም። ለእነሱ የግማሽ ሊትር የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ይበቃል። ቂጡ በፓፉ አፍ ልክ ይበሳል፣ ፓፉ ይሰካል፣ ልጁ የጠርሙሱን አፍ ይጎርሳል፤ አንዴ ከተረጨ በኋላ አምስት ስድስት ጊዜ ይተነፍሳል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተፈትሾ ለዚሁ ተብሎ ፋብሪካ ከሚሠራው ዕቃ እኩል ሠርቷል። እናቶች በቀጠሮ ሲመጡ ጠርሙሱን ይዘው እንዲመጡና እፊቴ እንዲሠሩበት አደርጋለሁ፤ ቀዳዳው አየር የሚያስወጣ ከሆነ እዚያው በፕላስተር እናሽገዋለን።