ማርክስ ያለ አንድምታ

ስለ ኢትዮጵያ ማርክሲዝም ሲነሣ አዘውትሮ የሚሰማ ፍርድ አለ። የስድሳዎቹ ተማሪ ሃይማኖቱን በሌላ ሃይማኖት ለወጠ፤ ከዳዊት ወደ ካፒታል ተሻገረ እንጂ የመጽሐፍን ቃል ሳይመረምር መቀበሉን ከቄስ ትምህርት ቤት ይዞት መጣ ይባላል። ፍርዱ ግማሽ እውነት አለው። ሌላው ግማሽ ግን የአገራችንን የሊቃውንት ጉባኤ ከሩቅ ብቻ የሚያውቅ ሰው የተናገረው ይመስለኛል።

ካርል ማርክስ እዚህ አገር ምን ጥያቄ ላይ እንደ ደረሰ ለመረዳት ምኒልክ አደባባይ ጥሩ መነሻ ነው። የዳግማዊ ምኒልክን የፈረስ ሐውልት የነደፈው ሄርተል የተባለ ጀርመናዊ ሲሆን፣ የተመረቀውም በጥቅምት 1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዓለ ንግሥ ዋዜማ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ የጫኑት ደግሞ እዚያው አጠገብ፣ አራዳ ጊዮርጊስ ነው። ‹ይህ ሰው ስለ ምን ይገዛናል?› ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ ከዚያ ቅጥር ግቢ አይርቅም ነበር፤ የሚገዛው ስለ ተቀባ ነው። የ1948ቱ ሕገ መንግሥትም የንጉሠ ነገሥቱን አካል ቅዱስ ብሎ ደነገገ፤ በአንቀጽ 126 ደግሞ ቤተ ክርስቲያኒቱን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አደረጋት። ከአራዳ ወደ አምስት ኪሎ ሲወጡ ሌላ የጀርመን እጅ ሥራ ይገኛል። ዮ ያስትራም የቀረጸው፣ ምሥራቅ ጀርመን የሰጠችው፣ እ.ኤ.አ. በ1984 የቆመው የማርክስ ሐውልት ነው። የሁለተኛው ሐውልት መልስ ሥልጣንን ከሰማይ አያወርደውም፤ ማን መሬት አለው፣ ማን ያርሳል፣ ምርቱን ማን ይወስዳል ብሎ ከታች ይጀምራል።

ሲሶና እኩሌታ እየገበረ ለሚኖር ጭሰኛ አገር ይህ ጥያቄ እንግዳ አልነበረም። ተማሪዎቹ በየካቲት 1957 ‹መሬት ለአራሹ› ብለው ፓርላማ ደጃፍ ሲሰለፉ ብዙዎቹ የማርክስን አንድ ገጽ እንኳ አንብበው እንደ ነበር እጠራጠራለሁ። ጥያቄው ቀድሞ ነበር፤ ፈላስፋው የመጣው ኋላ፣ ለጥያቄው ስም ሊሰጥ ነው።

የመጣው ግን የትኛው ማርክስ ነው? ሃይማኖትን ከኦፒየም ጋር ያነጻጸረበት ጽሑፍ በ25 ዓመቱ ያዘጋጀው፣ በ1844 እ.ኤ.አ. ፓሪስ የታተመ፣ በሄግል ላይ የተሰነዘረ ሂስ መግቢያ ነው። ፎየርባኽ ከ3 ዓመት በፊት አምላክ የሰው ልጅ የራሱ ጠባይ ወደ ላይ የተንጸባረቀበት ነው ብሎ ነበር። ማርክስ በዚህ ላይ የጨመረው ሰውየው ለምን ወደ ላይ ማየት አስፈለገው የሚለውን ነው። በእሱ አስተሳሰብ ሃይማኖት የእውነተኛ መከራ መግለጫም ነው፣ በመከራው ላይ የሚቀርብ ተቃውሞም ነው። ኦፒየም በዚያ ዘመን በመድኃኒት ቤት የሚሸጥ የሕመም ማስታገሻ እንደ ነበረም መርሳት አይገባም። ስለዚህ ጣቱን የቀሰረው በታማሚው ላይ ሳይሆን በበሽታው ላይ ነበር። እኛ ዘንድ ይህ ሁሉ ተራግፎ መፈክሩ ብቻ ቀረ። የጥናት ክበቦቹ የያዙት በአብዛኛው ከሞስኮ የመጡ ርካሽ የእንግሊዝኛ መማሪያዎችን፣ ሌኒንን፣ ማኦን፣ ሲብስም ስታሊን በ1938 እ.ኤ.አ. ያወጣትን የዲያሌክቲክስ ማጠቃለያ ነበር። ታሪክን በአምስት ደረጃ የሚሰፍረው መሰላል የመጣው ከእንዲህ ያለው መጽሐፍ ነው።

ሳይንስ የሚለውም ቃል እዚህ ላይ ተጎዳ። ንጉሡን ያወረደው ወታደራዊ ደርግ በታኅሣሥ 1967 ‹የኢትዮጵያ ሶሻሊዝም› ያለው፣ በሚያዝያ 1968 በብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም ወደ ‹ሳይንሳዊ ሶሻሊዝም› ተለወጠ። ሳይንስ ግን መጠየቅን ይፈልጋል። ርስትና ጉልት የመሰላሉን አንድ ደረጃ፣ የአውሮፓን ፊውዳሊዝም፣ ይመስላሉ ወይ? ርስት እኮ በትውልድ ሐረግ የሚወረስ የገበሬ መብት ነበር፤ ባላባት ከገበሬው የማይነጥቀው። ይህን መርምሮ መሰላሉን ማስተካከል የሳይንስ ሥራ ነበር። የሆነው ግን አገሪቱን እንደ ልብስ በመሰላሉ ልክ መቁረጥ ነው።

አሁን ወደ ተለመደው ፍርድ ልመለስ። ይህ ግትርነት ከቤተ ክህነት ትምህርት የተወረሰ ነው? የአንድምታ መምህር አንዱን ቃል ‹እንዲህ ነው› ብሎ ይፈታል፤ ቀጥሎ ‹አንድም› ብሎ ሌላ ያመጣል፤ ሁለቱንም ጎን ለጎን ትቷቸው ያልፋል። የላይ ቤትና የታች ቤት ሊቃውንት በትርጓሜ እየተለያዩ ጎንደር ላይ ኖረዋል። ቅኔ ቤት ደግሞ የሌላውን ቅኔ የራሴ ብሎ ማቅረብ ነውር ነው። እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ‹ትክክለኛው መስመር› የሚባለውን ነገር አላስተማረም። የአብዮቱ ዘመን ማርክሲስት ድርጅቶች ኢሕአፓና መኢሶን በዚህ ሥርዓት ቢሟገቱ ኖሮ ምንኛ በበጀን! ለጥቂት ጊዜ ሞክረውት ነበር፤ በ1968 በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ‹አብዮታዊ መድረክ› ዓምድ ላይ የተካሄደው ክርክር ዛሬም ሲነበብ ከብዙ ዘመናዊ ሙግት ይሻላል።

ቤተ ክህነቱን ከነውር ላነጻው አይደለም። በ1870 ቦሩ ሜዳ ላይ የጸጋ ልጆች የተባለው የትምህርት ወገን የገጠመው ክርክር በአፄ ዮሐንስ ፊት ሲቆረጥ፣ የተረቱት ምላሳቸው እስከ መቆረጥ እንደ ደረሰ ይነገራል። እዚያ ላይ የተፈጸመው ግን ከመምህሩ ወንበር አልወጣም፤ ከዙፋኑ ነው የወጣው። የፍልስፍና ምሁሩ መሳይ ከበደ ለተማሪው አክራሪነት ምክንያቱን ከገዛ ባህል በመነቀል ውስጥ ይፈልጉታል። እኔ በከፊል ብቻ እቀበላለሁ፤ ከባህሉ አንድ ነገር ሳይነቀል በደንብ ተወርሷልና። እሱም የትርጓሜን ልዩነት በቤተ መንግሥት ፍርድ መዝጋት ነው። ደርግ የማርክስን መጽሐፍ ከመኢሶን ምሁራን ተዋሰ፣ ከዚያም ብቸኛው ተርጓሚ ሆነ።

የ1971 ክረምት ለዚህ ምስክር ነው። በየካቲት 1968 ከመንበራቸው የወረዱት ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ተገደሉ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ተገደሉ። የሕዝብ ድርጅት ጉዳይ ጊዜያዊ ጽሕፈት ቤትን ይመራ የነበረው፣ በፈረንሳይ የተማረው ማርክሲስት ኃይሌ ፊዳም በዚያው ክረምት ተገደለ። ጳጳስ፣ ቄስና የፈላስፋው አንባቢ በአንድ እጅ ሲጠፉ ነገሩን የሃይማኖትና የሳይንስ ጠብ ማለት አስቸጋሪ ነው። ቄስ ጉዲና እኮ የ1967ቱን የመሬት አዋጅ የተቃወሙ ሰው አልነበሩም፤ ቤተ ክርስቲያናቸው በ1967 ባወጣችው መግለጫ ያሉት ማናቸውም ርዕዮተ ዓለም ፍጹም ሊሆን አይችልም ነው። ወጣቱ ማርክስ ይህን ቢሰማ ብዙ የሚጨቃጨቅ አይመስለኝም።

ሃይማኖቱስ ምን ሆነ? አልከሰመም። ደርግ በወደቀ በ3 ዓመቱ የተካሄደው ቆጠራ ፕሮቴስታንቱን ብቻ ከሕዝቡ 10.2 በመቶ አድርጎ አገኘው፤ በ1999 ደግሞ 18.6 በመቶ ሆነ። ከዚያ ዘመን የተረፈው ፍሬ ሌላ ነው። ሙስሊሞች ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አዲስ አበባ ላይ ወጥተው የጠየቁት እኩልነት በከፊል መልስ አግኝቶ በዓሎቻቸው የአገር በዓል ሆኑ፤ የየካቲት 25 ቀን 1967 የመሬት አዋጅም የቤተ ክርስቲያንን የጉልት መሬት ጭምር ወረሰ።

ዛሬ ማርክሲስት ነኝ የሚል ፖለቲከኛ ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ለየ፤ በአንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎ መሸጥ መለወጥን ከለከለ፤ በአንቀጽ 39 የሰጠው የብሔር ትርጉምም ስታሊን በ1913 እ.ኤ.አ. ከጻፈው ጋር በጣም ይቀራረባል። በእነዚህ ሦስት አንቀጾች ላይ በየዕለቱ የምንሟገት ሰዎች ምንጩን ከመፈክር ሳይሆን ከጽሑፉ እናንብበው። የፍልስፍና ክፍሎችና የነገረ መለኮት ኮሌጆችም የ1844ቱን መግቢያ ከነሐተታው በአማርኛ ያውጡት፤ ሥራው ከዘገየ ግማሽ ምእተ ዓመት አልፎታል።