«የወንጀለኛ አስተሳሰብ» እና የማረሚያ ቤት ጥፋት፦ መለኪያው ምን ይለካል?

ሳይካትሪስቱ ሳሙኤል ዮክልሰን እና ሳይኮሎጂስቱ ስታንተን ሳሜኖው እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ ባሳተሙት «ዘ ክሪሚናል ፐርሰናሊቲ» በተሰኘው መጽሐፍ፣ የወንጀል ምንጩ ድህነት ወይም አስተዳደግ ሳይሆን የአድራጊው አስተሳሰብ ነው ሲሉ ተከራከሩ። መነሻቸው በዋሽንግተን ሴንት ኤሊዛቤትስ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ለዓመታት ያነጋገሯቸው ወንዶች ነበሩ። ይሁን እንጂ ጥናቱ ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረውም። ወንጀል ያልፈጸመ ሰው ምን ያህል እንደዚያ እንደሚያስብ ሳይለካ፣ አስተሳሰቡን «የወንጀለኛ» ብሎ መሰየም ከማስረጃው መቅደም ነው።

በአሜሪካ ፌዴራል ወኅኒ ቤቶች ያገለገለው ግሌን ዋልተርስ ሐሳቡን 80 ጥያቄዎች ባሉት መጠይቅ ለመለካት ሞከረ። መጠይቁ 8 የአስተሳሰብ ዘይቤዎችን ይመዝናል፤ ከእነዚህም ጥፋትን በሌላ ላይ ማላከክ፣ «ይገባኛል» ባይነት፣ ሌላውን የመቆጣጠር ፍላጎትና «አልያዝም» የሚል ከልክ ያለፈ ተስፋ ይገኙበታል። ይህ በቁጥር የሚፈተን በመሆኑ ከቀደመው ይሻላል። ከፍተኛ ነጥብ ያገኙ ታራሚዎች የዲሲፕሊን ጥፋት የመፈጸም አዝማሚያቸው ከፍ ያለ መሆኑን ያሳዩ ጥናቶችም አሉ። ግንኙነቱ ግን መጠነኛ ነው፤ ስለ ቡድን የሚናገር እንጂ በአንድ ግለሰብ ላይ የሚፈርድ አይደለም።

ከዚህ የከፋው ችግር በሚዛኑ ሌላ ወገን ይገኛል። «ጥፋት» ተብሎ የሚቆጠረው ጠባቂው ያየውና የጻፈው ብቻ ነው። ድምፅ የሚሰማው ሕመምተኛ ትእዛዝ ባይፈጽም እንቢተኛ ይባላል። ከሚጥል በሽታ ግርሻ በኋላ ግራ ተጋብቶ ጠባቂን የገፋ ሰው ተደባዳቢ ተብሎ ይመዘገባል። «ረኀብ ወደ ስርቆት ገፋኝ» የሚል ታራሚስ እያላከከ ነው ወይስ የሆነውን እየተናገረ? መጠይቁ ብቻውን ይህን አይለይም።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቃቸው የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች፣ ከቅጣት በፊት የአእምሮ ሕመም ለድርጊቱ ያለው አስተዋጽኦ እንዲታይ ያዝዛሉ፤ የጤና ባለሙያም በዲሲፕሊን ቅጣት ውሳኔ እንዳይሳተፍ ይከለክላሉ። ስለዚህ መለኪያው ተገቢ ቦታው የሕክምናና የምክር አገልግሎት ዕቅድ ነው። የታራሚው ነጥብ ከሐኪሙ ምርመራ ቀድሞ ወደ ቅጣት መዝገብ ከገባ፣ ሊታከም የሚችል ሕመም በባሕርይ ስም ተሸፍኖ ይቀራል።